የደሞዝ ጋብቻ

የደሞዝ ጋብቻ ወንዱ ለሴቲቱ የተወሰነ ክፍያ፣ ቀለብና ልብስ ሊሰጣት፣ እሷም ቤቱን ይዛ አብራው ልትኖር የሚስማሙበት የቆየ የኑሮ ውል ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከቁርባንና ከሰማንያ ጋብቻ ቀጥሎ በሦስተኛነት ይጠቀሳል። በተለይ ከሚዘዋወሩ ነጋዴዎችና ወታደሮች ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚህ ስም የሚዋዋል ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ነጋዴው ሳያገባ ለሚያስተዳድራት ሴትና ለልጆቿ ያለበት ግዴታ ግን እስካሁን ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳይ ነው።

ውሉ

ስምምነቱ በምስክሮች ፊት በቃል ወይም በጽሑፍ ይደረግ ነበር። የሚቆይበት ጊዜና የክፍያው መጠን አስቀድሞ ይነገር ነበር። ሴቲቱ ከወንዱ ውርስ አትካፈልም ነበር። ውሉ ጸንቶ ሳለ የተጸነሰ ልጅ ግን አባቱ ሲሞት ከንብረቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ከቅምጥነት የሚለየውም በዚሁ ነው፤ የቅምጥ ኑሮ በወንዱ በጎ ፈቃድ ላይ ሲያድር፣ የደሞዝ ሴት ግን ምስክር ቆጥራ የምትጠይቀው ቃል ነበራት።

መነሻ

ስለ መነሻው አንድ ወጥ ማብራሪያ የለም። በብዛት የሚጠቀሰው ከሲራራ ንግድ ጋር የሚያያይዘው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቦንጋ የሚነሳው ዋና የንግድ መስመር በጅማ ሕርማታና በጉድሩ አሰንዳቦ አልፎ ዓባይን ይሻገራል፤ ከዚያም በጎጃም ባሶና በጎንደር በኩል ምጽዋ ይደርሳል። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ወደ ሰሜን ሲወርድ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ወደ ደቡብ ይወጣ ነበር። ጉዞው ወራት ይፈጃል። ክረምት ሲገባ ወንዝ ስለሚሞላ፣ ሽፍታ ሲበዛም ብቻውን የሚጓዝ ስለሌለ፣ ነጋዴው ጓዶቹ እስኪሰባሰቡ በአንድ ገበያ ከተማ ይከርማል። እህል የሚያስፈጭለት፣ እንጀራ የሚጋግርለት፣ ዕቃውን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ አስተያየት መሠረት የደሞዝ ጋብቻ ከዚህ ችግር የተወለደ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው አስተያየት ወታደሩን ያስቀድማል። ቤተ መንግሥት በድንኳን ከቦታ ወደ ቦታ በሚዞርበት ዘመን ሠራዊቱን ተከትለው ስንቅ የሚያዘጋጁ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ከአንድ ወታደር ጋር በስምምነት ይኖሩ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የቤት ሠራተኛ ቅጥር ቀስ በቀስ ወደ ትዳር መሰል ኑሮ መለወጡን ይጠቁማል።

የውጭ ተጓዦች ጽሑፍ ክርክሩን አባብሶታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በአገሪቱ ከሁለቱ ወገኖች ስምምነት በቀር ጋብቻ የሚባል ነገር የለም እስከ ማለት ደርሷል። ይህ አባባል በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብሩስ የቆየው በአብዛኛው በጎንደር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሲሆን፣ በሽማግሌ የሚፈጸመውን የገበሬ ቤት ሰማንያም ሆነ የካህናቱን ቁርባን ያገናዘበ አይመስልም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሴተኛ አዳሪነት ታሪክ በጻፈው ጥናት የተጓዦቹን ዘገባ ከንግድ፣ ከሠራዊትና ከከተሞች እድገት ጋር አያይዞ መርምሯል። ሦስቱ አስተያየቶች እርስ በርስ አይቃረኑም፤ በሁሉም ውስጥ ከዘመዶቹ ርቆ የሚኖር ወንድና ያለ ጥሎሽ ቤት የምትይዝ ሴት ይገኛሉ።

በአዲስ አበባ

የአዲስ አበባ ገበያ መጀመሪያ አራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬውን መርካቶ መሠረተ። ከየገጠሩ የመጡ ወንዶች በየተራው ሱቅ ከፍተው፣ ከሱቁ ኋላ ወይም በቅርብ ሰፈሮች ቤት ይዘው ኖሩ። ከገበያው አጠገብ ያለው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር በቤተ ክርስቲያኑ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ መኖሪያውና ንግዱ ሳይለያዩ ከተደባለቁባቸው አንዱ ነው።

እዚህ የደሞዝ ውል ስሙ ቀርቶ አብሮ መኖር በዝምታ ቀጠለ። ሴቲቱ የተቀጠረች ሳትሆን የሥራው ተካፋይ ናት፦ እቃ ትቀበላለች፣ ሱቅ ትጠብቃለች፣ እቁብ ትጥላለች። ወንዱ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል። እድሩ እሷንና ልጆቿን የቤተሰቡ አባላት አድርጎ ይመዘግባል፤ ለጎረቤትም ባልና ሚስት ናቸው። የንግድ ፈቃዱና የባንክ ደብተሩ ግን ብዙ ጊዜ በእሱ ስም ብቻ ነው። እሱ ቢሞት ወይም ቢለያዩ ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በሕግ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ጋብቻ አብሮ መኖርን ከአንቀጽ 708 ጀምሮ እንደ አንድ የኑሮ ሁኔታ ቢያውቀውም ውጤቱን አጥብቦ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአንቀጽ 98 መሠረት ወንድና ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ግንኙነቱ ይጸናል። መገናኘታቸው ቢደጋገምና ሰው ቢያውቀው እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ አኗኗራቸው የባለትዳር መምሰል አለበት። ሁለቱም እንደ አቅማቸው ለጋራ ወጪ ያዋጣሉ። አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት በአንቀጽ 102 መሠረት የጋራ ይሆናል። ይህ ለሱቅ ጠባቂዋ ሴት ታላቅ ነገር ነው፤ የዓመታት ድካሟ በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ዕቃ ውስጥ ቀልጦ እንዳይቀር ያደርጋል።

አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል።

ልጆች

በውርስ በኩል የልጆች እኩልነት የቆየ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 836 ወራሹ በጋብቻ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለዱ ድርሻውን እንደማይለውጥ ደንግጓል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው አጽንቷል። ችግሩ አባትነትን ማስረዳት ነበር። የቀድሞው ሕግ በፍርድ የሚታወቀውን አባትነት ለጠለፋና ለአስገድዶ መድፈር ብቻ ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ አዋጅ አንቀጽ 143 በሩን አሰፋው፤ ሰውዬው እንደ አባት በልጁ ቀለብ፣ አስተዳደግ ወይም ትምህርት መሳተፉ ራሱ ምክንያት ሆነ። በየወሩ የተከፈለ የትምህርት ቤት ደረሰኝ ለነጋዴ ልጅ ይህን ያህል ዋጋ አለው። በቃሉ የቆመ አባት ያደረገው ለልጁ ጋሻ እንዲሆን መደንገጉ ተገቢና ፍትሐዊ ነው።

ንጽጽር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ከጋብቻ ውጭ ስለተወለዱ ልጆች የነበረው ሕግ ጠበብ ያለ ነበር። የ1834ቱ የድሆች ሕግ ልጁን የማሳደግ ሸክሙን በእናቲቱ ላይ ጣለ። በ1844 እናቲቱ ራሷ አባትየውን ዳኛ ፊት እንድትከስ ተፈቀደላት፤ የ1872ቱ ሕግ ከአባትየው የሚወሰነውን ክፍያ ቢበዛ በሳምንት 5 ሽልንግ አደረገው። ሳያገባ ቤተሰቡን በወግ የሚያኖር ነጋዴ ቢኖርም፣ ልጆቹ ያለ ኑዛዜ አይወርሱትም ነበር። (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሃይማኖት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያለው ጋብቻ በቁርባን ወይም በተክሊል የሚፈጸመው ነው። ለዓመታት አብረው ኖረው በኋላ የሚቆርቡ ጥንዶች አሉ።

ማስረጃ

አብሮ መኖር የሚረጋገጠው ቤተሰብና አካባቢው እንደ ባልና ሚስት በሚያውቃቸው ሁኔታ ነው። ስለዚህ ጎረቤትና የእድር ሰው ዋና ምስክር ይሆናሉ። ጋብቻም የምስክር ወረቀት ሲጠፋ በተመሳሳይ መንገድ ስለሚረጋገጥ፣ ሁለቱን መለየት ለዳኞች አስቸጋሪ ነው። ሕጉ አብራው ለኖረች ሴት ያለ ኑዛዜ ውርስ አይሰጥም፤ ከጋራው ንብረት ግን ድርሻዋን ትወስዳለች። አባት ልጁን በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም በተረጋገጠ ሰነድ መቀበል ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደትና ጋብቻ ማስመዝገብ ግዴታ ሆኗል። ቤተሰቡን በሕይወት ሳለ በሐቅ ለሚያስተዳድር ነጋዴ፣ ይህን ወረቀት ማዘጋጀት የዚያው የማስተዳደር ግዴታ አካል ነው።