ምኒልክ፣ ጦና እና አባ ጅፋር፦ ኃያል መንግሥት ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን

በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ዛሬ ሶዶና አረካ ያሉበት የወላይታ ምድር ገባ። ካዎ ጦና ከዚያ በፊት የመጡባቸውን ዘመቻዎች መክተው ስለነበር ይህንንም እንመልሳለን ብለው ገመቱ። የአሁኑን ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ የመሩት።

ምን አዘመታቸው? አንደኛው ችግር ነው። ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ አገሩን አራቁቶት ነበር፤ ወላይታ ደግሞ ከብትና እህል ነበራት። ሁለተኛው ስጋት ነው። በውጫሌ ውል ምክንያት ከጣሊያን ጋር ፍጥጫ ተጀምሯል። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ግዛታችን እስከዚህ ነው ብለው ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ያልገበረ ንጉሥ ለቤተ መንግሥቱ ጎረቤት ሳይሆን ዐመፀኛ ሆኖ ታየ።

ልዩነቱን ጅማ ታሳያለች። አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገበሩ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ወላይታ ላይም አብረው ዘመቱ። የወላይታ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። ከጦሩ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም እልቂቱንና የተነዳውን ከብት ጽፎታል። ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

ከዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሮም ምኒልክን ንቃ አድዋ ላይ ተሸነፈች።

ምኒልክ ለሮም፣ ጦናም ለምኒልክ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ አልገብርም። አንዱን ነፃነት፣ ሌላውን ዐመፅ ያሰኘው የጦር ሜዳው ውጤት ነው። ወላይታ ውስጥ ይህ ታሪክ ዛሬም የሚያመው ለዚህ ነው።