ሐረርን የሚለያያት ግንቡ ነው ወይስ የቤቶቿ ፊት?

ስለ ሐረር የሚጻፍ አብዛኛው ነገር ከጀጎል ግንብ ይነሳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ጊዜ፣ የተሠራው ይህ ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከተማዋን ለሁለት የከፈላት ይመስላል፤ ውስጡ አሮጌ፣ ውጭው አዲስ። አከፋፈሉ ለጎብኚ ይመቻል፤ ታሪኳን ግን አያስረዳም። የሐረርን ሰፈሮች ከግንቡ ይልቅ የሚለያያቸው ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ግቢ ወይም ወደ መንገድ ማዞራቸው ነው።

ነባሩን የሐረሪ ቤት፣ ገይ ጋርን፣ ከመንገድ ላይ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የድንጋይ አጥርና አንድ በር ብቻ ነው። ጌጡም ክብሩም ያለው ከውስጥ ነው። ግቢው ታልፎ ወደ ዋናው ክፍል፣ ወደ ግድር ጋር፣ ሲገባ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ 5 መደቦች ይታያሉ። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የተከበረ ሰው መቀመጫ ነው፤ ሌላውም እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ ቦታ አለው። በግድግዳው ውስጥ የተበጁት መደርደሪያዎች ቁርኣንና የቤት ዕቃ ይይዛሉ፤ ግድግዳውን የሴቶቹ ስፌት ያደምቀዋል። መደቦቹ የሚቀቡት ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚል ትውፊትም አለ።

ከዚያ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ለውጡም እዚያው ጀጎል ውስጥ ታየ። በፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ግብፆች ከተማዋን በያዙበት ዘመን መስጊድ በነበረበት ቦታ፣ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የሕንድ ነጋዴዎችም የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት ይዘው መጡ። ዛሬ የራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም የዚህ ወገን ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1884 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በነጋዴ የተሠራ ነውና። ከአደባባዩ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ የተነሳ መኪና ግርግር ተብሏል። ግንቡ ያው ሆኖ ሳለ ከተማዋ ፊቷን ወደ ገበያ አዞረች።

ነባሩ ቤት ወደ ውስጥ የዞረው ገመናን ለመሸሸግ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ለመሸሸግ ግን አጥር ይበቃ ነበር፤ ደረጃ የተበጀለት መቀመጫ የሚሠራው ለሚመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ ገይ ጋር ከሕዝብ የተደበቀ ቤት ሳይሆን አደባባዩን በጣራው ሥር ያደረገ ቤት ነው። አንዳንዱ የሕንድ ቤት በረንዳውን ወደ ግቢ ማዞሩም እውነት ነው፤ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤትም ተወልዷል። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል፤ የአሮጌና የአዲስ ድንበር በአንድ ቤት መካከል ሊያልፍ እንደሚችል ያሳያልና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ በሰፋው ከተማ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ተቀየሰ፣ ሕንፃዎቹ ግራና ቀኝ ተሰለፉለት። በጀጎል ግን መንገዱ ቤቶቹ ባስተረፉለት ቦታ የሚሹለከለክ ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ጥበቃው ግንቡን በመጠገንና ግድግዳ ኖራ በመቀባት ካበቃ፣ ለፈረስ መጋላ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለገይ ጋር አይበጅም። ነደባው ፈርሶ ሴራሚክና ሶፋ ቢገባበት ከመንገድ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ቤቱ ግን ከታሪኩ ተለይቷል። ቤተሰብ በሙዚየም ውስጥ እንዲኖር አይገደድም የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። መልሱም ክልከላ ሊሆን አይገባም፤ የእድሳቱ ገንዘብና የባለሙያው ድጋፍ ከአጥሩ አልፎ ነደባውን ጠብቆ ለሚኖር ባለቤት ይድረስ።