የተንጋለለችው ሰረዝ

ኪቦርዳችሁ ላይ ወደ ኋላ የተንጋለለችውን ሰረዝ (\) ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ፕሮግራም ከሚጽፉት በቀር የሚነካት የለም። የእኛ ፊደል ግን አንድ ዘመን በእሷ ትከሻ ተሻግሯል።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። በ1961 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦብ ቤመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰረዟን ያኔ በመዘጋጀት ላይ ወደነበረው አስኪ አስገባት። አስኪ 128 ቦታ ብቻ ነው ያለው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። የት ይግባ?

አንዱ መንገድ ቦታ መቀማት ነበር። ፎንት ሠሪዎች በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ የእኛን ሆሄያት ሳሉ፤ ግን ሁሉም በየራሱ መንገድ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ሲከፈት የቅንፍና የጥቅስ ክምር ይሆናል። እንዲህ ሆኖ የቀረ ስንት ጽሑፍ በየፍሎፒው ተኝቷል!

ሌላውን መንገድ በ1990ዎቹ እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አመጡት፤ ስሙም ሴራ። (አትሳቁ፣ ምህጻረ ቃል ነው።) አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ይላካል፣ ተቀባዩ ጋ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። መሃል ላይ እውነተኛ እንግሊዝኛ ቢገባስ? «ይቺን አትለውጥ» የምትለው ምልክት ያቺው ሰረዝ ሆነች።

ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ይህን ለዋጭ ኢማክስ ለተባለው ኤዲተር ጻፈው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ኢማክስም ሰረዟን ለራሱ ማምለጫ ይጠቀምባታል። በጥቅስ ውስጥ አንዷን ለማግኘት ሁለት ትጽፋላችሁ። የፍለጋ ቀመሩም በተራው አንዷን የሚያውቃት በሁለት ነው። ስለዚህ አንዲት ሰረዝ ለመፈለግ አራት (\\\\) ይጻፋል። ሁለት በር ያለው ግቢ በሉት፤ እያንዳንዱ ዘበኛ ግማሹን ያስቀራል።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ የራሱን ቦታ ሰጠው። ታዲያ የሰረዟ ሥራ አበቃ?

ገላን ሂዱ፤ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት ታፔላ ታያላችሁ። የኦሮምኛው ቁቤ ሁዻ የምትባል ነጠላ ጭረት አለችው። ጽሑፍን በነጠላ ጥቅስ በሚከብብ ፕሮግራም ውስጥ ስትገባ፣ ኮምፒውተሩ «አለቀ» ብሎ ይረዳታል። ሬኤ (ፍየል) የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ይታረዳል። በብዙዎቹ ቋንቋዎች ከሁዻዋ ፊት ያቺን ሰረዝ ማስቀደም ያድነዋል።

ስሙ ላይ ሁዻ ያለበት ሰው ቅጽ ሞልቶ ስሙ ተቆርጦ ከተመለሰለት፣ ጥፋቱ የስሙ አይደለም። ሰረዟን የረሳው ፕሮግራመር ነው።