ሁለቱ ሽማግሌዎችና አንዲቷ ሲዲ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ እንግሊዝ አገር ደርሰን እንመለሳለን። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ፤ ነገሩ የእነሱ ነውና።

ዘመኑ 1977 ነው፣ የካቲት ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ አመሻሽ። የእንግሊዝ ልጆች ከነቤተሰባቸው ቴሌቪዥን ከበው «ዶክተር ሁ»ን ይጠብቃሉ። ዶክተሩ ሰው ይመስላል እንጂ ሰው አይደለም፤ ከዘመን ዘመን፣ ከዓለም ዓለም የሚመላለስ መንገደኛ ነው። ቢቢሲ ይህን የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ማሳየት ከጀመረ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። በዚያ ምሽት የተጀመረው ታሪክ «ዘ ታሎንስ ኦፍ ዌንግ ቺያንግ» ይባላል፤ ባለ ስድስት ክፍል ነው፤ የጻፈው ሮበርት ሆምስ። የንግሥት ቪክቶሪያ ለንደን ነው፤ ጭጋግ፣ የጋዝ ፋኖስ፣ ከየመንገዱ ደብዛቸው የሚጠፋ ሴቶች።

ዶክተሩን ቶም ቤከር፣ ጓደኛውን ሊላን ሉዊዝ ጄምሰን ይጫወታሉ። እነሱን እዚህ ላይ ተሰናበቷቸው። የእኔ ሰዎች ሌሎች ናቸው።

አንደኛው ሄንሪ ጎርደን ጃጎ ነው፤ የትርኢት አዳራሽ ባለቤት። አፉ አያርፍም። ታዳሚውን በትልልቅ ቃላት ያጥለቀልቃል፤ በአንድ ፊደል የሚጀምሩትን ቃላት እየመረጠ እንደ ዶቃ ይሰካካቸዋል። ሁለተኛው ፕሮፌሰር ጆርጅ ላይትፉት ናቸው፤ የፖሊስ አስከሬን መርማሪ ሐኪም። ረጋ ያሉ፣ ጨዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚናገሩ። ጃጎን ክሪስቶፈር ቤንጃሚን ተጫወቱት፤ ላይትፉትን ትሬቨር ባክስተር። አንደኛው የአርባ ሁለት፣ ሌላኛው የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ።

አሁን ልብ በሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በታሪኩ ውስጥ እየተያዩ የኖሩ አይደሉም። ጃጎ በአዳራሹ፣ ፕሮፌሰሩ በአስከሬን ክፍላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከዶክተሩ ጋር ሲሠሩ ቆይተው እርስ በርስ የሚተዋወቁት ታሪኩ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነው። ዶክተሩ የለም። ሁለቱ ብቻቸውን የክፉዎቹን ቤት ሊሰልሉ ይሄዳሉ፤ ይያዛሉ፤ ዕቃ ወደ ላይ በሚያወጣ ጠባብ ሣጥን ተሸጉጠው ሊያመልጡ ይሞክራሉ። ጭንቁ ሲጠና ያ ጉረኛ ጃጎ እንደሚያወራው ደፋር እንዳልሆነ ለፕሮፌሰሩ ይናዘዛል። ፕሮፌሰሩ አይስቁበትም፤ ሰው ሁሉ ቀኑ ሲመጣ እንደዚያው ነው የሚል መልስ ሰጥተው ያጽናኑታል። ጥቂት ደቂቃ ናት። ግን የሁለቱ ወዳጅነት ያኔ ተወለደ፤ የሚከተለው ሁሉ ከእርሷ ነው የመጣው።

ለሁለቱ የራሳቸው ድራማ ይሠራላቸው የሚለው ሐሳብ ያኔውኑ ተነሥቶ ነበር። ሳይሠራ ቀረ። ዓመታት ሄዱ፤ ተዋንያኑም ወደ ሌላ ሥራቸው ሄዱ።

አሁን ደግሞ 1998 ላይ ቁሙልኝ። «ዶክተር ሁ» ከቴሌቪዥን ከወረደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በመካከሉ በ1996 አንድ ፊልም ብቅ ብሎ ጠፍቷል። ጄሰን ሄይግ ኤለሪ የሚባል ሰው ያቋቋመው ቢግ ፊኒሽ የተባለ ትንሽ ድርጅት ዶክተሩን በድምፅ ድራማ ሊያመጣው ይፈልጋል፤ የቢቢሲ ፈቃድ ግን ገና በእጁ የለም። ምን አደረገ? ከቅርንጫፉ ጀመረ። በዶክተር ሁ መጻሕፍት ውስጥ ፖል ኮርኔል የፈጠራት በርኒስ ሰመርፊልድ የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ነበረች፤ እሷን ይዞ ያለ ዶክተሩ ድራማ ሠራ። በርኒስን የተጫወተችው ሊሳ ቦወርማን ናት። ይህችን ሴት አስታውሷት፤ ኋላ ትመለሳለች። ያ ሥራ ድርጅቱ ምን መሥራት እንደሚችል አሳየለት፤ በ1999 ፈቃዱ ተገኘና ዶክተሩን ቀድሞ በየተራ የተጫወቱ ሦስት ተዋንያን በአንድ ታሪክ ማይክራፎን ፊት ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉ በዛ። በ2001 ዳሌኮች የሚባሉት የዶክተሩ ጠላቶች ጦርነት፣ በ2002 የዶክተሩ የቀድሞ ጓደኛ ጋዜጠኛዋ ሳራ ጄን ስሚዝ፣ በ2004 ጋሊፍሬ የሚባለው የዶክተሩ አገር ፖለቲካ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዩኒት የተባለው ጦር። አንዳንዱ ዘለቀ። ዩኒት ከአንድ ዙር በኋላ ለዓመታት ዝም አለ። የሳራ ጄን ሁለት ዙር ተሠርቶ ቆመ፤ እሷ በ2006 ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሳ በ2007 የራሷን ፕሮግራም ጀመረች።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አዲስ ተከታታይ ለመጀመር ሲታሰብ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው «አድማጭ ይወዳቸዋል» የሚለውን ነው። ይህ መረጃ ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። አንድን አጃቢ የምንወደው ብዙ ጊዜ ከዋናው ሰው ጎን ስለቆመ ነው፤ በእሱ ላይ ስለሚቀልድ፣ እሱን ስለሚያስታምም፣ ስለሚታዘዘው። ዋናውን ስታነሡት አጃቢው የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ብንተዋቸው ለመነጋገር የሚያበቃ ነገር አላቸው? ይህን ደግሞ በስብሰባ ተነጋግሮ መወሰን አይቻልም። መስማት ያስፈልጋል።

ቢግ ፊኒሾች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከ2007 ጀምሮ የሚያወጧቸው ባለ አንድ ሲዲ ትረካዎች ነበሯቸው፤ በድርጅቱ ድራማዎች ያልተሳተፉትን የዶክተሮች ዘመን በጓደኞቻቸው አንደበት የሚያስተርኩ። አንድ ተራኪ፣ አንድ ረዳት ድምፅ፣ በቃ። ወጪው ትንሽ ነው። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ሪቻርድሰን ነበር። በ2009 በዚህ መልክ ጃጎንና ላይትፉትን መልሰው አመጧቸው። ጸሐፊው አንዲ ሌን፣ ርዕሱ «ዘ ማሆጋኒ መርደረርስ»። አዘጋጇ ማን ሆነች? ያቺው ሊሳ ቦወርማን። ቤንጃሚን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባክስተር ሰባ ስድስት። ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፏል።

ይህን ሲዲ ጠጋ ብለን እንስማው፤ ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው።

የድምፅ ድራማ አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። አድማጭ አያይም፤ ስለዚህ ተዋናዩ የሚያየውን ሁሉ ይናገራል። «ወይኔ፣ በሩ ሊከፈት ነው! አንድ ረጅም ሰው ሽጉጥ ይዞ ገባ!» ይላል። በእውነተኛ ሕይወት እንዲህ የሚናገር የለም፤ ጎኑ የቆመውም በሩን እያየው ነው። አንዲ ሌን ይህን ያመለጠው ሁለቱን ወዳጆች ጠላ ቤት መሰል የለንደን መጠጥ ቤት ውስጥ በማስቀመጥ ነው። አስተናጋጇ ኤሊ ሂግሰን ትባላለች፤ እሷንም የምትጫወተው ቦወርማን ናት። ላይትፉት አስከሬን ክፍላቸው የመጣላቸውን ነገር ያወራሉ፤ ሬሳ ነው ተብሎ የመጣ፣ ተገልብጦ ሲታይ ከእንጨት የተሠራ፣ ግን አንዳች የሰው አካል ያልጎደለው። ጃጎ ደግሞ እሱ በኩል ያየውን ያመጣል። አንዱ ያየውን ሌላው አላየም። ስለዚህ መግለጽ ግድ ነው፤ የሚገልጹትም ለእኛ ሳይሆን እርስ በርስ ነው። አንዱ ሲያጋንን ሌላው ያርመዋል፤ አንዱ ፍርሃቱን ሲደብቅ ሌላው ይደርስበታል። ትረካው ራሱ ጭውውት ሆነ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በሬዲዮ የሰማ ሰው አንድ ድምፅ ብቻውን ምን ያህል አገር እንደሚያቆም ያውቃል፤ እዚህ ሁለት ድምፆች እየተነጣጠቁ ያቆሙታል።

ድምፆቹም ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ጃጎ ያጓራል፣ ቃሉን ያንከባልላል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ይዘልቃል፤ ፕሮፌሰሩ አጠር፣ ለስለስ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ስም መጥራት አያስፈልግም። በጆሮ ድራማ ይህ ከመልክም ከዝናም ይበልጣል፤ ድምፃቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ጎበዝ ተዋንያን ይዞ ተከታታይ መጀመር ራስን መቅበር ነው።

አድማጩ ሲዲዋን ወደዳት፤ ውሳኔው ከዚያ በኋላ መጣ። በ2010 ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዙር ወጣ፤ አራት ታሪክ በአንድ ሣጥን። አራቱን አራት ሰዎች ጻፏቸው፤ ጀስቲን ሪቻርድስ፣ አለን ባርንስ፣ ጆናታን ሞሪስና አንዲ ሌን። በአንድ ሲዲና በአራት ሲዲ መካከል ያለውን ርቀት አትናቁት። ሦስት ሰው ይበቃው የነበረው አሁን ሙሉ ተዋንያን፣ ሙዚቃ፣ የድምፅ ባለሙያ ይፈልጋል። ተዋንያኑ በየተከለለ ክፍላቸው ማይክራፎን ፊት ይቆማሉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማማሉ፤ የሠረገላው ኮቴ፣ የጭጋጉ ጡሩምባ፣ የብርጭቆው ድምፅ ኋላ ይገባል። ይህ ሁሉ ወጪ ገና ሳይሸጥ የሚወጣ ነው። አንዲቷ ሲዲ ባትቀድም ኖሮ ይህን በጭፍን መወራረድ ይሆን ነበር።

ደግሞም ከዋናው ታሪክ ምን እንወርሳለን፣ ምን እንተዋለን የሚለውም የውሳኔው አካል ነው። የ1977ቱ ድራማ ሁለት ነገር ያሳፍረዋል። አንዱ ቀላል ነው፤ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የምትኖር ግዙፍ አይጥ አለች፤ ስትታይ የጨርቅና የፀጉር ክምር መሆኗን ሕፃን ያውቃል። በድምፅ ቢሆን ኖሮ ያቺው አይጥ እንቅልፍ በነሣች ነበር። ሁለተኛው ከባድ ነው። ዋናውን ቻይናዊ አስማተኛ የተጫወተው ፊቱን ተቀብቶ ቻይናዊ እንዲመስል የተደረገ እንግሊዛዊ ነው፤ ቻይናውያኑም በጅምላ ወንበዴ ሆነው ቀርበዋል። ብዙ ሰው ተቃውሞታል፤ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። አዲሱ ተከታታይ ሁለቱን ወዳጆች ከዚያ ቤት አውጥቶ ሌላ ቤት መስጠቱ ትክክል ነበር።

ዶክተሩም ወዲያው አልተጠራም። እሱ ከቀድሞ ተጫዋቾቹ በአንዱ፣ በኮሊን ቤከር ድምፅ የመጣው ቆይቶ፣ ሁለቱ በእግራቸው ከቆሙ በኋላ ነው። በ2013 ደግሞ ቶም ቤከር ራሱ በሌላ ታሪክ ውስጥ አገኛቸው፤ ከ1977 በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል እወደዋለሁ። በመጀመሪያው ሣጥን ላይ ዶክተሩን አስገብተው ቢሆን ኖሮ ገበያው ይደምቅ ነበር፤ ሁለቱ ግን እንደገና አጃቢ ይሆኑ ነበር።

አሥራ ሦስት ዙር ሠሩ፤ አምሳ ሁለት ታሪክ። ሁለቱም ሰዎች ሰማንያን ተሻገሩ። በሐምሌ 2017 ትሬቨር ባክስተር በሰማንያ አራት ዓመታቸው አረፉ። ተከታታዩም በዚያው ቆመ። በ2018 አንድ የስንብት ታሪክ ወጣ፤ ቤንጃሚን ተጫወቱበት፣ የባክስተር ድምፅ ከቀደሙት ቅጂዎች ተወስዶ ገባበት። ክሪስቶፈር ቤንጃሚንም በጥር 2025 በዘጠና ዓመታቸው ተከተሉ።

አንዳንዱ ሰው ገና በ1977 መጀመር ነበረበት ይላል። እኔ አይመስለኝም። ያኔ ቢሠራ ቴሌቪዥን ይሆን ነበር፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ፣ በዚያች አይጥ ዓይነት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ተዋንያን የሰጡት ድምፅ ውስጥ ያለው ዕድሜ፣ የአንዱን ዐረፍተ ነገር ሌላው የሚጨርስበት መተዋወቅ፣ በአርባ ዓመት የሚገኝ አይደለም። ሪቻርድሰንና ጓዶቹ የሰዎቹን ዕድሜ እያወቁ ነው የጀመሩት፤ ለብዙ ዓመት ላይዘልቅ እንደሚችል እያወቁ። ሰባት ዓመት አገኙ።

መስማት የምትፈልጉ ከ2009ኟ ሲዲ ጀምሩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሣጥን በተራ። የ1977ቱን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ስታዩትም ከአምስተኛው ክፍል ጀምራችሁ ሁለቱን ተከተሏቸው።