የአሮጌ ትራስ ነገር በሰሜን ሸዋ ደጋ

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ብርዱ የመኝታ ልብስን ክቡር ሀብት አድርጎት ኖሯል። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራው ባና ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ በ1957 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋምም ሱፍ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ጭድ ወይም ቡትቶ የታጨቀበት ትራስ ግን የታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። ሐኪምን ግን ከባናው ይልቅ እርሱ ያሳስበዋል፤ ውስጡ አይታጠብምና።

በብርድ አገር ልብስ ደራርቦ መተኛት ለልብስ ቅማል ይመቻል። ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ላይ ተስቦን የሚያዛምተው ይኸው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ። መነሻው አንድ ትዝብት ነበር፦ ሕመምተኛው ገላው ታጥቦ ልብሱ ከተለወጠ በኋላ በሽታውን አያስተላልፍም፤ ያወለቀውን ልብስ የሚቀበሉት ሠራተኞች ግን ይታመማሉ። ቅማል ከሰው ተለይቶ ከሳምንት በላይ እምብዛም አይኖርም። ዐይነ ምድሩ ግን ደርቆም ለብዙ ሳምንታት የተስቦን ተሕዋስ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የሕመምተኛን ትራስ ደጅ አውጥቶ ማራገፍ፣ በየቤቱ እንደ ጽዳት ቢቆጠርም፣ ያንኑ አቧራ መተንፈስ ነው። ግርሻ በሚዛመትበት ጊዜም ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። ለቅማልም ለቅጫሙም ይህ ይበቃል። የትራሱ ጨርቅ ይቀቀል፤ የታጨቀበት ነገር ሳይራገፍ ይቃጠል። ምትኩ ካልቀረበ ግን ማንም ትራሱን ለእሳት አይሰጥም። ንጹሕ የገብስ ጭድ ደግሞ በአገሩ አይጠፋም።