ያሬድ፣ ኩሊባሊ እና አጥቂ የሆነው ተከላካይ

ጎንደር ላይ ሁለት የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች ቁጭ ብለው የ2013ቱን ዋንጫ ካነሱ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ወሬው ሙጂብ ቃሲም ላይ ያርፋል። አይፈረድባቸውም። ሰውዬው በዚያ የውድድር ዓመት 20 ግብ አግብቷል። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 አግብቶ ክብረ ወሰን ባይሰብር ኖሮ ኮከብ ግብ አግቢነቱም የሙጂብ ይሆን ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አፄዎቹ በታሪካቸው የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሱት ከፊት ባገባው ሰው ብቻ ሳይሆን ከኋላ በቆሙት ሁለት ሰዎች ነው፤ በአምበሉ ያሬድ ባየህ እና በአይቮሪኮስታዊው ከድር ኩሊባሊ። ዛሬ ስለ ሁለቱ የሚወራው ግን ጥቂት ነው። ስለ ያሬድ የሚወራው ጥቂትም ቢሆን በአብዛኛው ስለ አንዲት መጥፎ ቀን ነው።

የመሐል ተከላካይ ታሪክ ለመጻፍ አስቸጋሪ ነው። አጥቂ ሲያገባ ይቆጠርለታል፣ በስሙ ይመዘገባል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም የሚጠቅሰው አይጠፋም። ተከላካይ ያስቀራትን ግብ ማን ይመዘግባታል? አልገባችማ! በአውሮፓ ሊጎች ማን ስንት ኳስ እንዳቋረጠ፣ ስንት የአየር ላይ ኳስ እንዳሸነፈ የሚቆጥሩ ድርጅቶች አሉ። እኛ ጋ ለተከላካይ የሚጻፍለት ቢጫው፣ ቀዩ፣ የሰጠው ፍፁም ቅጣት ምትና በራሱ ላይ ያስቆጠረው ግብ ነው። ስለዚህ የተከላካይ ታሪካችን በሙሉ የጥፋት መዝገብ ሆኖ ቀርቷል።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2008 ጎንደር በፕሪሚየር ሊጉ የነበራት ክለብ ዳሸን ቢራ ወረደ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ አደገ። ከተማዋ በአንድ በር እየወጣች በሌላው ገባች ማለት ይቻላል። በ2011 ውበቱ አባተ የሚያሠለጥነው ቡድን የሊጉን ዋንጫ ሊያነሳ ተቃርቦ፣ በመጨረሻው ቀን ሽረ ላይ ነጥብ ጣለና ዋንጫው ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። የኢትዮጵያ ዋንጫን አንስቶ ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ቢበቃም፣ አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ቀረ። በሁለቱም አጋጣሚ ጎንደሬው የተናደደው በተሳቱ ግቦች ነበር። ለእኔ ግን የዳሬሰላሙ ጨዋታ የጎደለውን በግልጽ ያሳየ ነው፤ አንድ ግብ ይዞ ከሜዳው የወጣ ቡድን፣ ያንን ግብ የሚያስጠብቅ ጀርባ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሙጂብ ልመለስ፤ ታሪኩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ሙጂብ ቃሲም ፋሲል ከመድረሱ በፊት የሚታወቀው በተከላካይነት ነው። የድሮ ሰዎች ስቶፐር የሚሉት ዓይነት። ጎንደር ላይ ወደ ፊት ተገፋና አጥቂ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ቡድን ቁመትና ጉልበት ያለውን፣ በጭንቅላት የሚገጨውን ተከላካይ ከኋላ አንስቶ ከፊት ሲያቆም፣ ከኋላ በቀሩት ላይ ምን ያህል ቢተማመን ነው? ሙጂብ ተከላካይ ምን እንደሚያስፈራው፣ ዓይኑን ከኳሱ ላይ መቼ እንደሚያነሳ ከራሱ ያውቀዋል። ያገባቸው ግቦች ላይ ይህ ዕውቀት ይታያል፤ ብዙ ሳይሮጥ፣ ተከላካዩ በረሳው ቦታ ላይ ይገኛል። ስለዚህ የመሐል ተከላካዮቹን ሳወዳድር ሙጂብንም ጭምር እቆጥራለሁ። ፋሲል ሦስት ነበሩት፤ አንዱን ለግብ አዋለው።

የቀሩት ሁለቱስ?

ያሬድ ባየህ ጨዋታን ቀድሞ የሚያነብ ተከላካይ ነው። ሸርተቴ ሲወርድ እምብዛም አታዩትም፤ የሚወርድበት ጉዳይ ከመፈጠሩ በፊት ቦታው ላይ ቆሞ ይገኛል። ኳስ ሲደርሰው አይደነግጥም። ቀና ብሎ አይቶ ለሀብታሙ ተከስተ ያቀብላል፣ ካልሆነም ወደ ክንፍ ያሻግራል። የፋሲል ጥቃት ከግብ ጠባቂው ሚኬል ሳማኬ ተነስቶ በያሬድ በኩል ነበር የሚያልፈው። በላይም አምበል ነው። በ2013 ኮሮና ደጋፊውን ከሜዳ ባራቀበት ወቅት፣ በዲኤስቲቪ ጨዋታ ያየ ሰው የተጫዋቾቹን ጩኸት ይሰማ ነበር። ተከላካይ በአፉ ምን ያህል እንደሚጫወት ብዙዎቻችን የተረዳነው ያኔ ነው።

ድክመቱስ? ከጀርባው ሰፊ ሜዳ ሲኖርና ፈጣን አጥቂ ሲገጥመው ይቸገራል። ጨዋታ የሚያነብ ተከላካይ ሁሉ ዕዳው ይኸው ነው፤ አንዴ ከተሳሳተ የሚያካክስበት ፍጥነት የለውም።

ኩሊባሊ በዚህ ሁሉ ተቃራኒው ነው። የእሱ ሥራ ሰው ለሰው ነው። አጥቂው ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሊይዝ ሲል ኩሊባሊ እላዩ ላይ ነው። በረጅም የሚመጣ ኳስ ላይ ግጭት አይፈራም፣ የማዕዘን ምት ሲሻማ መጀመሪያ የሚዘለው እሱ ነው። አምሳሉ ጥላሁን በግራ መስመር ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላው የሚተወውን ክፍት ሜዳ መሸፈን ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ትንፋሽ ደግሞ ኩሊባሊ ነበረው። ኳስ በእግሩ ሲገባ ግን ያሬድን ይፈልጋል፣ ወይም በቀላሉ ወደ ውጭ ይመታል። ይህንን እንደ ነውር የሚያዩ ደጋፊዎች አሉ። እኔ አላይም። ዋንጫ ፍለጋ ላይ ያለ ቡድን ኳስ ከሜዳ የሚያወጣ አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

(ተከላካይ በተነሳ ቁጥር «የፋሲል ግንብ» የምትለዋን ምሳሌ የምንደጋግም ጋዜጠኞች ብንተዋት ጥሩ ነበር። ግንብ አይንቀሳቀስም። እነዚህ ሰዎች 90 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ ነው የሚውሉት።)

የዚያ ዓመት ሁኔታም መረሳት የለበትም። ጥቅምት 24 ጦርነቱ ተጀመረ። ኅዳር 4 ሌሊት የጎንደርና የባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኮሰ። የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጥተው ውድድሩ በ13 ቡድኖች ታኅሣሥ ላይ ጀመረ። ጨዋታዎቹም በየክለቡ ከተማ መሆናቸው ቀርቶ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐዋሳ ተዘዋወሩ። ከደጋ የመጣ ቡድን የድሬዳዋን ሙቀት እየቻለ፣ በአጭር ቀናት ልዩነት መጫወት ነበረበት። አጥቂ ሲደክመው ይቀየራል። የመሐል ተከላካይ ጥንድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም፤ አንዱ ከወጣ መግባባቱ አብሮ ይወጣል። አሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ በእኔ ግምት፣ ይህንን ጥንድ ጠብቆ ማቆየቱ ነው።

ከዋንጫው በኋላ ፋሲል ከቅዱስ ጊዮርጊስ አስቻለው ታመነን አመጣ። በወረቀት ላይ ማጠናከሪያ ነው፤ አስቻለው የብሔራዊ ቡድን ቋሚ ተከላካይ ነበር። በቻምፒየንስ ሊጉ ቅድመ ማጣሪያ ግን ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ ከሜዳ ውጭ በገባ ግብ ሕግ ወደቀ። በደርሶ መልስ ሳይሸነፉ መውደቅ ማለት ይኸው ነው። ባሕር ዳር ላይ ከገቡት ሁለት ግቦች አንዷ ብትቀር ኖሮ አፄዎቹ ያልፉ ነበር።

ከዚያ ካሜሩን መጣ። ውበቱ አባተ ያኔ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበር። ጥር 1 ቀን 2014 ያውንዴ ላይ ዋልያዎቹ ከኬፕ ቨርድ ጋር ሲገናኙ የመሐል ተከላካዮቹ ሁለቱም የፋሲል ነበሩ፤ ያሬድና አስቻለው። በ12ኛው ደቂቃ አጥቂ ከያሬድ ጀርባ አመለጠ፣ ያሬድ ጠለፈው፣ ቀይ ካርድ። ኢትዮጵያ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ከላይ ያልኩት ዕዳ በዓለም ፊት የተከፈለው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የያሬድ ስም ሲነሳ «ያ ቀይ ካርድ» ይባላል። ለማነጻጸር ያህል 2005ን አስታውሱ። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። ዛምቢያም አገባች። ግን አዳነ ግርማ አቻ አደረገና ዛሬ ስለዚያ ጨዋታ የሚወራው ስለ አዳነ ነው። የጀማልን ካርድ የአዳነ ግብ ሸፈነችለት። ለያሬድ ግን ያን ቀን የሚሸፍንለት ግብ አልመጣም። ከኋላው ያለው ሙሉ የዋንጫ ዓመት በ12 ደቂቃ ተሰረዘ።

እንግዲህ ጥያቄው «ማን ይበልጣል» ከሆነ መልሴን ልስጥ። ለአንድ ጨዋታ፣ ለአንድ አስቸጋሪ አጥቂ፣ ኩሊባሊን እመርጣለሁ። ለአንድ ሙሉ ዓመት ያሬድን። ያሬድንና አስቻለውን አብሮ ማሰለፍ ግን ለእኔ ሁለት የሚመሩ፣ የሚከተላቸው የሌለ ሰዎችን ማቆም ነበር። አስቻለው በራሱ ጥሩ ተከላካይ ነው፤ ያሬድ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ያሬድ ሳይሆን ከጀርባው የሚሮጥለት ሰው ነበር። ይህንን የማይቀበል ይኖራል፤ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ያሬድ ኋላ ላይ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ተዛወረ፤ ይህም ጎንደር ላይ እስከ ዛሬ ያስኮርፋል። ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ሞከረ። ጎንደሬው ግን በዋንጫው ዓመት ያንን ጥንድ በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በሊግ ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ አላየውም። ያየው በአዘዞና በአራዳ ዲኤስቲቪ ቤቶች፣ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ ነው።