«እኔ» በጃፓን ልቦለድ

በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥት በብዙ አንቀጾቹ እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደዚያች አገር ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። የዘመኑ ምሁራን ከጃፓን ሊቀስሙ የፈለጉት ትምህርት ቤቱን፣ ፋብሪካውን፣ የጦር ኃይሉንና የዙፋኑን ጽናት ነበር። የጃፓን ደራስያን ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምረው ይብሰለሰሉበት የነበረው ጥያቄ ግን እምብዛም ትኩረት አላገኘም። ለመሆኑ «እኔ» የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄው ከቋንቋው ይጀምራል። አማርኛ ተናጋሪ ማዕረግንና ዕድሜን የሚለየው በሚያነጋግረው ሰው ነው፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ ይላል። ራሱን ሲጠራ ግን ባላባቱም ጭሰኛውም «እኔ» ነው። («እኛ» የሚሉት ንጉሡ ብቻ ነበሩ፤ እሱም ሌላ ጉዳይ ነው።) የሆመቾ ገበሬ በሀዲይሳ ራሱን «አኒ» ይላል። ጃፓናዊው ግን ራሱን ለመጥራት እንኳ በማን ፊት እንደ ቆመ ማሰብ አለበት። በአክብሮት ሲናገር «ዋታኩሺ»፣ ወንድ ከእኩዮቹ ጋር «ቦኩ»፣ ሲዳፈር «ኦሬ» ይላል። ግሱም እንደ እኛ «መጣሁ» በባለቤቱ አይረባም። እንግዲህ ለጃፓን ደራሲ «እኔ» ብሎ መጻፍ በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚቆምበትን ሥፍራ መምረጥ ነው።

ፉታባቴይ ሺሜይ እ.ኤ.አ. በ1887 «ተንሳፋፊ ደመና» የተባለውን ልቦለድ ማሳተም ሲጀምር የመጽሐፉን ቋንቋ ወደ አፍ ቋንቋ አቀረበው። ባለታሪኩ ከመንግሥት ሥራው የተሰናበተ ጸሐፊ ነው፤ ከማድረግ ይልቅ ሲያወጣና ሲያወርድ ይኖራል። ታያማ ካታይ በ1907 «ፉቶን» በተባለው ሥራው ባለትዳር ደራሲ ለወጣት ተማሪው ያደረበትን ፍትወት ገልጦ ጻፈ፤ ታሪኩም የራሱ መሆኑን አንባቢው ሁሉ ዐወቀ። «ሺሾሴትሱ»፣ የእኔ ልቦለድ፣ የሚባለው ዘውግ ከዚህ ተስፋፋ። በእኔ አስተያየት ብዙው የዚህ ዘውግ ሥራ ጠባብ ነው፤ ደራሲው የክፍሉን በር ዘግቶ የጓዳውን ኀፍረት ይቆጥራል።

ናትሱሜ ሶሴኪ ከዚህ ይለያል። ከ1900 እስከ 1902 መንግሥት ለትምህርት ለንደን ልኮት በብቸኝነት ተሠቃይቶ የተመለሰ ሰው ነበር። በ1914 «ኮኮሮ»ን አሳተመ፤ ለፍቅሩ ሲል ጓደኛውን የከዳ ሰው ዕድሜውን ከሰው ተነጥሎ ሲያባክን የሚያሳይ ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት ለተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ ለራሱ ማንነት ነጻነት የሚሻ ሰው የሌላውንም ማንነት ማክበር ግዴታው መሆኑን አስረዳ። በአማርኛ «ግለኝነት» የሚለው ቃል የነቀፋ ቃል ሆኖ ስለ ቆየ ይህን ልዩነት ለማስተማር ቃል ያጥረናል።

ሁለት የኖቤል ንግግሮች ጉዳዩን ይበልጥ ያብራሩታል። ካዋባታ ያሱናሪ በ1968 ያሰማው ንግግር ርእስ በአማርኛ ቃል በቃል «የውቢቱ ጃፓን እኔ» ሊባል ይችላል። የባለቤትነት ምልክቱ ልክ እንደ እኛ «የ» ነው፤ «እኔ» የአገሪቱ ንብረት ይመስላል። ኦዬ ኬንዛቡሮ በ1994 ያንኑ ርእስ ወስዶ አንዲት ቃል ለወጠ፤ «የአሻሚዋ ጃፓን እኔ»። ዘመናዊነትና ጥንታዊነት፣ የጦርነት ኃጢአትና የሰላም ቃል የሰነጠቋትን አገር ይዞ ቀረበ።

ኦዬ በሺኮኩ ደሴት በደን በተከበበ መንደር በ1935 ተወለደ። በ1964 ባሳተመው «የግል ጉዳይ» ልቦለድ፣ «ወፍ» በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው ወጣት መምህር ሚስቱ ምጥ ይዟት ሳለ የአፍሪካን ካርታ ሲመኝ እናገኘዋለን። ሕፃኑ የራስ ቅሉ ጉድለት ይዞ ሲወለድ አባትየው እንዲሞትለት ይመኛል፤ ወደ መጠጥና ወደ ሴት ይሸሻል። የራሱ የኦዬም ልጅ በ1963 እንዲሁ ተወልዶ ነበር። ለእኛ አንባብያን አፍሪካ የመኖሪያ ምድር እንጂ የመሸሻ ሕልም አይደለችምና ይህ ምኞት ፈገግ ያሰኘናል። ደራሲውም ለባለታሪኩ አያዝንለትም፤ በመጨረሻ ሕፃኑን ተቀብሎ እንዲያሳድግ ወደ ሆስፒታል ይመልሰዋል።

ሙራታ ሳያካ በ2016 የአኩታጋዋን ሽልማት ባገኘችበት «የሱቅ ሰው» ጥያቄው ተገልብጧል። የ36 ዓመቷ ኬይኮ ሌሊትና ቀን በማይዘጋ ሱቅ 18 ዓመት ሠርታለች፤ አነጋገሯንና አለባበሷን ከባልደረቦቿ ትቀዳለች። ሰው ሁሉ አግቢ ይላታል፤ እርሷ ግን ሙሉ የምትሆነው በሱቁ ደንብ ውስጥ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ኅሩይ በ1925 ዓ.ም. በ«አዲስ ዓለም» የሳሉት አወቀ ከፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ይጋጫል። የበዓሉ ግርማ አበራ ወርቁ በ«ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) በሥዕል ጥበብና በቤተ ዘመድ ግፊት መካከል ይዋልላል። ሁለቱም የአማርኛ «እኔ» ናቸው። በሆመቾ ወይም በሆሳዕና ትምህርት ቤት እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ የሀዲይሳ ተናጋሪ ግን ሌላ ድርብ ሥራ አለበት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቋንቋዎቹ 15 ሲደርሱ ሀዲይሳንና ከምባትኛን አካቶ በግዕዝ ፊደል አስተምሯል፤ ኋላም ሀዲይሳ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። የንባብ መማሪያ ግን ልቦለድ አይደለም። «አኒ» የሚለው ሰው ሲያፍር፣ ሲከዳና ሲጸጸት በየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚናገር የሚወስነው ደራሲው ነው። ፉታባቴይም የአፍ ቋንቋው ለልቦለድ አልገራለት ሲል አንዳንዱን ክፍል አስቀድሞ በሩስኛ ይጽፍና ወደ ጃፓንኛ ይመልሰው ነበር።